በአማርኛስ ታወራለህ?

የእህቴ ልጅ ባለፈው ወር ወፍራም ደብተር ታቅፎ ቤቴ መጣ። 40 ጥያቄ ከነመልሱ፣ ጥያቄው በቀይ፣ መልሱ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎበታል። እንግሊዝ አገር ማስተርስ ለመማር ስኮላርሺፕ ሊያመለክት ነው፤ የቀረው አይልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ብቻ ነው። ንባቡም ጽሑፉም አላሰጋውም። እንቅልፍ የነሳው ንግግሩ ነው።

«ጋሼ፣ እንደ ፈታኝ ሆነህ ጠይቀኝ» አለኝ።

ኮስተር ብዬ ተቀመጥኩና በእንግሊዝኛ ሰፈሩን ይወደው እንደሆነ ጠየቅሁት። ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ፤ «እ!»። ጠበቅሁት። እሱም ጠበቀኝ። ለካ መልሱን ጨርሷል!

ይህችን በትንፋሽ የምንውጣትን «አዎ» እኛ አበሾች አጥርተን እንሰማታለን። ለማያውቃት ጆሮ ግን ድንገት የደነገጠ ሰው ድምፅ ናት። የአይልትስ ንግግር ደግሞ ይቀዳል። ቀረጻው ላይ የሚቀረው ያው የደነገጠው ሰው ነው።

የንግግር ፈተናው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይፈጃል። መጀመሪያ ስለ ቤት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ትምህርት ቀለል ያሉ ጥያቄዎች አሉ። ቀጥሎ ርእስ የተጻፈበት ካርድ ይሰጥሃል፤ በወረቀትና በእርሳስ 1 ደቂቃ ትዘጋጅና እስከ 2 ደቂቃ ድረስ ብቻህን ታወራለህ። በመጨረሻ ፈታኙ ከርእሱ ጋር የተያያዘ ጠለቅ ያለ ውይይት ይከፍታል። ብዙዎቻችንን የሚጥለን መካከለኛው ነው። እኔም የዛሬ ስንት ዓመት ስፈተን ፈታኙ ካርዱ ላይ አፌን ከፍቼ ሳወራ «በቃ» አለኝ። የተቆጣ መስሎኝ አኮረፍኩ፤ ከዚያ በኋላ የመለስኩት ሁሉ የኩርፊያ መልስ ነበር። ሰውየው ግን ያቆመኝ 2 ደቂቃዬ ስላለቀ ብቻ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። «የተሰጠህን ስጦታ ተናገር» የሚል ካርድ አወጣሁለት። ከደብተሩ የሸመደደውን እንደ ዳዊት ደገመልኝ፤ ፍጥነቱ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ፣ ቃላቱ የማን እንደሆኑ እንጃ። ፈታኞች ደግሞ ሽምደዳን እንዲለዩ የሠለጠኑ ናቸው። ሞዴል መልስ እያባዙ የሚሸጡ አሠልጣኞች ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢነግሯቸው ገበያቸው ይቀዘቅዝ ይሆናል።

«እሺ፣ እንግሊዝኛውን ተወውና በአማርኛ ንገረኝ» አልኩት።

«ሰዓት ነበር። አባቴ ነው የሰጠኝ። ደስ አለኝ። በቃ።»

10 ሰከንድ አልሞላም። ያን ጊዜ ነው ችግሩ እንግሊዝኛ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። በአማርኛ 2 ደቂቃ ማውራት ያቃተው ልጅ በምን ተአምር በእንግሊዝኛ ያወራል? ደግሞ አልፈርድበትም። በትልቅ ሰው ፊት ዝም እንዲል ያሳደግነው እኛ ነን፤ እንግዳ ሲመጣ «ሂድ ውጭ ተጫወት» እያልን። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ይባላል፤ መጽሐፉ አዎ፣ የብዙ አስተማሪ ማብራሪያ ግን በአማርኛ ነው። ፈተና ሲመጣ ደግሞ መልሱን በእርሳስ ማጥቆር። ለማጥቆር አፍ አያስፈልግም።

የንግግሩ ነጥብ እኩል ለአራት ይከፈላል፤ ሳይደናቀፉና ሐሳብን አያይዞ ማውራት፣ የቃላት ሀብት፣ ሰዋስው፣ አነጋገር። የእኛ ሰው ሦስተኛው ላይ ሙጭጭ ይላል፤ አንዲት ግሥ እንዳትሳሳት ሲፈራ ዓረፍተ ነገሩ አፉ ውስጥ ይሞታል። አራተኛው ላይ ደግሞ እንደ ፈረንጅ ካልሆንኩ ብሎ ይጨነቃል። የአበሻ ቅላጼ በራሱ ነጥብ አያስቀንስም፤ የሚፈለገው ሰሚው ሳይቸገር እንዲገባው ነው። «ስኩል» ለማለት «እስኩል» ማለታችንን ማረም አይከፋም፤ የሞት ሽረት ግን አይደለም። ጥያቄው ካልተሰማህም ይደገምልኝ ማለት ነውር የለውም።

«ውሸት ብናገርስ?» አለኝ ልጁ። የምትለው እውነት ይሁን ሐሰት አይታረምም፤ ግን የራስህ ታሪክ እያለ ለምን ትደክማለህ?

የሰዓቱን ታሪክ ለእናቴ እንዲነግራት ቡና ላይ አስቀመጥኩት። እማዬ እንግሊዝኛ አታውቅም። የምታውቀው «ከዚያስ?» ማለት ነው። ሰዓቱ ከመርካቶ የተገዛ ነው አላት። ከዚያስ? ማሰሪያው ሰፍቶት አባቱ በጋለ ሚስማር በሳለት። ከዚያስ? የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሊፈተን አስሮት ሄደ፤ ሒሳብ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። እማዬ ሳቀች። ልጁም እየሳቀ ቀጠለ፤ የስልኬ ሰዓት 3 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ሲል ነው ዝም ያለው። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ያንኑ ታሪክ በእንግሊዝኛ ነገረኝ። ግሡ እዚህም እዚያም ተሰበረ፤ 2 ደቂቃው ግን ሞላ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አንድ ካርድ እናወጣለን፤ መጀመሪያ ለእማዬ፣ ቀጥሎ ለእኔ። ደብተሩ ቴሌቪዥኑ ላይ አቧራ ጠጥቷል። ፈተናው የፊታችን ቅዳሜ ነው። እናንተም ቤት ለዚህ ፈተና የሚያጠና ልጅ ካለ፣ ቡና ሲፈላ ከክፍሉ ጥሩትና «ከዚያስ?» በሉት።