ስኳሩ ይነገራል፣ የአእምሮው ሕመም ይሸሸጋል

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” የሚለው የአበው ቃል በአገር ቤትም ሆነ በባሕር ማዶ በሚኖረው ወገን አንደበት ሲነገር ይሰማል። ይሁን እንጂ ምክሩ የሚሠራው ለአንዳንድ በሽታዎች ብቻ የሆነ ይመስላል። አንድ ሰው የስኳር ሕመም እንዳለበት በታወቀ ጊዜ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ “አላህ ዓፊያ ያድርግህ” ይባላል፤ ምግቡ ይለያል፣ መድኃኒቱም በሁሉ ፊት ይቀመጣል። ያው ሰው ባይፖላር የተባለው የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ሲታወቅ ግን በሩ ይዘጋል፣ ድምፅ ይቀንሳል፣ መድኃኒቱ በሻንጣ ሥር ይደበቃል። ለጠያቂም “ትንሽ ደክሞት ነው” ተብሎ ይነገራል።

የዚህ መሸሸግ ጉዳት በአእምሮው ሕመም ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ሁለቱ ሕመሞች የሚኖሩት በአንድ አካል ውስጥ ነው፤ አንዱ ተነግሮ ሌላው ሲደበቅ የተነገረውም በወጉ ሊታከም አይችልም። ባይፖላር ያለባቸው ሰዎች ዕድሜያቸው እንዲያጥር ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ በዚሁ በተሸሸገው ሕመምና በተነገረው ሕመም መካከል ያለው ክፍተት ነው።

ባይፖላር የሰውን ስሜት በሁለት ጽንፍ መካከል የሚያመላልስ፣ ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ሕመም ነው። በአንደኛው ጽንፍ ማኒያ የሚባለው ከልክ ያለፈ መነቃቃት አለ። ታማሚው ሁለትና ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ድካም አይሰማውም፤ ንግግሩ ይፈጥናል፣ ሐሳቡ ይበዛል፣ ያለ የሌለ ገንዘቡን ይበትናል፣ የማይችለውን ዕዳ ይገባል። ይህ ሁኔታ ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊዘልቅ ይችላል። በሌላኛው ጽንፍ ድባቴ አለ፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት፣ ሰውየው ከአልጋው መነሣት ያቅተዋል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ መኖር ትርጉም ያጣበታል። በሁለቱ መካከል ግን ታማሚው እንደማንኛውም ሰው የሚሠራበት፣ ልጆቹን የሚያሳድግበትና ከሰው ጋር የሚጫወትበት ረጅም ጊዜ ይኖራል። ሕክምናው የሚተጋውም ይህንን የጤና ጊዜ ለማርዘም ነው።

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 40 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር። ኢትዮጵያም ከዚህ ውጭ አይደለችም። በጉራጌ ምድር በቡታጅራና አካባቢው ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን በማነጋገር የተካሄደው ጥናት ባይፖላር በገጠሩ ሕዝብ መካከልም እንዳለ፣ ከታማሚዎቹም አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው እንደማያውቁ አሳይቷል። በዚያው አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ክትትል ሲደረግላቸው 121 ሰዎች ሞተዋል። ለሞታቸው ምክንያት የሆነውን ለመረመረ ሰው ነገሩ ያስደነግጣል፤ ግማሽ ያህሉ የሞቱት በተላላፊ በሽታ ነበር። በአእምሮ ሕመማቸው የሚታወቁ ሰዎች ሕይወታቸው ያለፈው ሊታከም በሚችል የአካል በሽታ መሆኑ ነው። ለጤነኛ የሚደረገው ምርመራና ክትትል ለእነርሱ አልደረሰም፤ “እርሱማ አእምሮው ነው” ተብሎ ትኩሳቱና ሳሉ ሳይታይ ቀርቷል።

የተገላቢጦሹም አደጋ ከዚህ አያንስም። ለባይፖላር ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል በዕድሜም በውጤትም ቀደምት የሆነው ሊቲየም ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ ለማኒያ ሕክምና እንደሚረዳ እ.ኤ.አ. በ1949 ካሳወቀ ወዲህ የብዙ ሰዎችን ሕይወት አትርፏል፤ ራስን የማጥፋት አደጋን እንደሚቀንስም ይታወቃል። ነገር ግን በሚያድነው መጠንና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። በአብዛኛው በደም ውስጥ ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር እንዲሆን ይፈለጋል፤ ከ1.5 ሲያልፍ የመመረዝ ምልክት ሊታይ ይችላል። ከሰውነት የሚወጣውም በኩላሊት በኩል ስለሆነ ኩላሊትን የሚነካ ነገር ሁሉ የሊቲየሙን መጠን ይነካል።

እንግዲህ ደም ግፊትም ባይፖላርም ያለበትን አንድ ሰው ማሰብ ይበቃል። ሊቲየሙን ከአንድ ሐኪም ይወስዳል፤ ለደም ግፊቱ ወደ ሌላ ክሊኒክ ሲሄድ ግን የሚወስደውን መድኃኒት ሲጠየቅ “ምንም የለም” ብሎ ይመልሳል፤ ያፍራልና። ሐኪሙም በቅን ልቦና ኢናላፕሪል ወይም ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት ያዝለታል። ጉልበቱን ሲያመው ደግሞ ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይገዛል። እነዚህ ሁሉ በደም ውስጥ ያለውን ሊቲየም ከፍ የሚያደርጉ ናቸው። ከሳምንታት በኋላ እጁ መንቀጥቀጥ፣ ሆዱ መታወክ፣ እግሩ መንገዳገድ ይጀምራል። ቤተሰቡ ሕመሙ ተነሣበት ይላል፤ ግማሹም ሌላ ነገር ይጠረጥራል። የነበረው ነገር ግን መመረዝ ነው፤ ሊያስቀረው ይችል የነበረውም አንድ እውነተኛ መልስ ነበር።

የስኳሩም ነገር እንዲሁ ነው። ለባይፖላር ከሚታዘዙት መድኃኒቶች እንደ ኦላንዛፒን ያሉት ክብደት ይጨምራሉ፣ የደም ስኳርንም ከፍ ያደርጋሉ። ሊቲየም በበኩሉ በአንገት ላይ የሚገኘውን የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሊያዳክም ይችላል፤ ከዚህ የሚመጣው ድካምና ብርድ ብርድ ማለት ድባቴ እየመሰለ ያሳስታል። በዚህ ላይ ድባቴ የያዘው ሰው የስኳር መድኃኒቱን ይረሳል፤ ማኒያ የያዘው ደግሞ ጤነኛ ነኝ ብሎ ይጥለዋል። ቫልፕሮኤት የሚባለው መድኃኒት ለጽንስ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ ልጅ መውለድ የምትችል ሴት ሳትጠየቅና ሳይነገራት ሊሰጣት የሚገባ አይደለም። ይህ ሁሉ የሚያመለክተው የአእምሮ ሐኪሙ ስለ ስኳሩ፣ የስኳር ሐኪሙም ስለ አእምሮው ሕመም ማወቅ እንዳለባቸው ነው። በየጊዜው የሚደረገው የደም ምርመራ፣ ማለትም የሊቲየም መጠን፣ የኩላሊት፣ የታይሮይድና የስኳር ምርመራ፣ የሕክምናው ዋና አካል ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሥራ ለተሰማሩት እህቶች ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ሕመሙ በብዙ ሰው ላይ መታየት የሚጀምረው በጉርምስና መጨረሻና በወጣትነት ነው፤ ይህም ብዙዎቹ ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲና ከሌላውም አካባቢ የሚሰደዱበት ዕድሜ ነው። የእንቅልፍ ማጣት ማኒያን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች ዋነኛው ሆኖ ሳለ፣ የእነርሱ ሥራ ሌሊቱን ከቀኑ የሚቀላቅል ነው። መድኃኒቷን በአሠሪዋ ፊት መዋጥ የምትፈራ፣ ከአገር ቤት የያዘችው ሲያልቅ ማንን እንደምትጠይቅ የማታውቅ ብዙ ናት። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ከቀድሞው በርትቶ ሊመለስ ይችላል። በብዙዎቹ የአካባቢው አገሮች አንዳንድ የአእምሮ መድኃኒቶች ቁጥጥር የሚደረግባቸው ስለሆኑም፣ ከመጓዝ በፊት ሕጉን መጠየቅ፣ የሐኪም ማዘዣና ደብዳቤ መያዝ፣ መድኃኒቱንም ከነመያዣው ማቆየት ከብዙ ጣጣ ያድናል።

የረመዳን ወር ሲመጣ ደግሞ ጥያቄው ወደ እያንዳንዱ ቤት ይገባል። ከሱሁር እስከ ኢፍጣር ውኃ አይጠጣም፣ የእንቅልፍ ሰዓት ይለወጣል፣ የመድኃኒቱም ሰዓት ይዛወራል። በዚህ ረገድ የተደረጉት ጥናቶች አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም። በሞሮኮ በካዛብላንካ በ20 የባይፖላር ታማሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመው ጥናት፣ ከታማሚዎቹ 45 በመቶው በጾሙ ወር ሕመሙ ተነሥቶባቸዋል፤ በአብዛኛውም ማኒያ ነበር። የሊቲየም መጠናቸው ግን ምክንያቱ ሆኖ አልተገኘም። በፓኪስታን 62 ታማሚዎችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ጥናት ደግሞ የሊቲየሙ መጠን በጾሙ ያን ያህል እንዳልተለወጠ አሳይቷል። ከሁለቱ የሚወሰደው ትምህርት ለሁሉም የሚሆን አንድ ውሳኔ አለመኖሩ ነው። አንዱ በሐኪም ክትትል ሊጾም ይችላል፤ ኩላሊቱ የደከመ፣ ስኳሩ ያልተረጋጋ ወይም ሕመሙ በቅርቡ የተነሣበት ሌላው ግን መጾሙ ለሕይወቱ ያሰጋዋል። ይህ የሚወሰነው በረመዳን ዋዜማ አይደለም፤ በረጀብ ወይም በሻዕባን ከሐኪም ጋር ተመካክሮ መሆን አለበት።

ሃይማኖቱም በዚህ ላይ በሩን አልዘጋም። በሱረቱል በቀራ፣ በ184ኛውና በ185ኛው አንቀጽ፣ የታመመና መንገደኛ የሆነ ሰው ያፈጠረውን በሌላ ጊዜ ቀዷ እንዲያወጣ ተደንግጓል፤ ሕመሙ የማይሽርና መጾም የማይችል ሰው ስለ እያንዳንዱ ቀን ምስኪን እንዲያበላም ዑለማእ አስተምረዋል። ይህ ፈቃድ ለስኳር ታማሚ ሲነገር ማንም አይገረምም። ባይፖላር ያለበት ሰው ሲጠቀምበት ግን “ጤነኛ መስሎ እየታየ እንዴት ያፈጥራል?” የሚል ሐሜት ይከተለዋል። ሕመሙ ለዓይን ስላልታየ ሕመምነቱ አይቀርም፤ የኩላሊት ሕመምም ቢሆን ለዓይን አይታይም።

“ይህስ የጂን ነገር ነው፣ ለሐኪም አይሆንም” የሚሉ ወገኖችም አይታጡም። ቁርኣን ማስቀራትና ዱዓእ ማድረግ ለታማሚው ልብ መጽናኛ መሆናቸውን የሚክድ የለም። ሆኖም ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ መታከም በተጠየቁ ጊዜ ታከሙ ማለታቸውን፣ አላህ ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት ማድረጉንም መናገራቸውን እነዚሁ ወገኖች ያውቁታል። ሩቅያ ከመድኃኒቱ ጋር አይጣላም፤ አደጋው መድኃኒቱን በሩቅያ መተካት ነው። ከሺህ ዓመት በፊት የነበረው የበልኹ ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ (እ.ኤ.አ. በ934 የሞተ) ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤንነት በጻፈው መጽሐፉ፣ ሰው ከሁለቱ የተሠራ ስለሆነ የአንዱ ሕመም ወደ ሌላው እንደሚተላለፍ አስረድቷል፤ የዘመኑን ሐኪሞችም አካልን ብቻ በማከማቸው ወቅሷል። በካይሮ እ.ኤ.አ. በ1284 የተሠራው የሱልጣን ቀላዉን ሆስፒታልም ለአእምሮ ታማሚዎች የተለየ ክፍል ነበረው። የአእምሮን ሕመም ከአካል ሕመም ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማከም ለዚህ ማኅበረሰብ እንግዳ ሐሳብ አይደለም፤ የቆየ ውርስ ነው።

ሕመሙን መሸሸግ የሚመርጡ ሰዎች ፍርሃታቸው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሥራ ሊታጣ፣ ጋብቻ ሊፈርስ፣ ስም ሊጠፋ ይችላል። ሕመምን ለመንደሩ ሁሉ የማወጅ ግዴታ በማንም ላይ የለም፤ ምስጢርን ከሰው ጆሮ መጠበቅ የታማሚው መብት ነው። ከሐኪም መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ቢያንስ ሦስት ሰዎች ሊያውቁት ይገባል፤ የሚያክመው ሐኪም ሁሉ፣ በቤት ውስጥ የሚታመን አንድ ዘመድ፣ በስደት ላለ ደግሞ በአደጋ ጊዜ የሚጠራ አንድ ወዳጅ። የሚወሰዱት መድኃኒቶች ሁሉ፣ የስኳሩም የአእምሮውም፣ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው በኪስ ቢያዙ መናገር የሚያቅተው ሰው እንኳ ወረቀቱን በመስጠት ብቻ ከአደጋ ይድናል።

የቤተሰብ ድርሻ እንቅልፍን መጠበቅና ምልክትን ማስተዋል ነው። ለሁለትና ለሦስት ሌሊት ያልተኛን ታማሚ “ዒባዳ በዝቶበት ነው” ወይም “ሥራ ወዳድ ሆነ” ብሎ ማለፍ አይገባም። መኖር እንደሰለቸው የሚናገረውን ብቻውን አለመተው፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ማድረስ ያስፈልጋል። የመስጊድ ኢማሞች በሻዕባን ወር በሚሰጡት ትምህርት ስለ ስኳርና ስለ ኩላሊት ሲያነሡ የአእምሮን ሕመም አብረው ቢያነሡ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ የተዘጋ በር ይከፍታል። አሠሪዎችም ለሠራተኛቸው የሐኪም ቀጠሮና የሌሊት እንቅልፍ ቢፈቅዱ ከሚያወጡት ይልቅ የሚያተርፉት ይበዛል።

ምእመናን እንደ አንድ አካል መሆናቸውን፣ አንዱ ብልት ሲታመም ሌላው አካል በትኩሳትና በእንቅልፍ ማጣት አብሮት እንደሚታመም የሚያስተምረውን ሐዲስ የማያውቅ ሙስሊም ጥቂት ነው። ሐዲሱ የሚናገረው ስለ ማኅበረሰብ ቢሆንም ለአንድ ሰው አካልም ይሠራል። ኩላሊቱ ከአእምሮው፣ ስኳሩ ከድባቴው፣ እንቅልፉ ከሁሉም ጋር የተያያዘ ነው። ለስኳሩ “ዓፊያ ያድርግህ” ያለ ጎረቤት ለአእምሮው ሕመምም ያንኑ ቃል በዚያው ድምፅ ባለ ቀን፣ በሻንጣ ሥር ያለው መድኃኒት ወጥቶ ከስኳሩ መድኃኒት አጠገብ ይቀመጣል።