ያረጀ ፈጣን መኪናና ጥገና የማያውቅ ፖሊሲ

ይህ ገጽ ዘወትር ስለ ሕግ፣ ስለ ምርጫና ስለ ኑሮ ውድነት የሚነገርበት ነውና ዛሬ ስለ መኪና ልጽፍ መነሣቴን ስትመለከቱ «ሰውየው የሚጽፈው አጣ እንዴ?» እንዳትሉኝ አደራ። ነገርን ነገር ያነሣዋል፤ ከመኪናው ጀምሬ ወዴት እንደምሄድ ደግሞ የምታውቁኝ ሁሉ ከወዲሁ ትገምታላችሁ።

ከሦስት ወር በፊት እ.ኤ.አ. በ2006 የተሠራ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ ገዛሁ። ሁለት ነጥብ አምስት ሊትር ሞተር፣ ተርቦ የተገጠመለት፣ በአራቱም እግሩ የሚስብ፣ ከ200 በላይ የፈረስ ጉልበት ያለው ነው። ኮሊን ማክሬ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ሪቻርድ በርንስ በ2001፣ ፔተር ሶልበርግ በ2003 የዓለም የራሊ ሻምፒዮን የሆኑት በዚሁ በኢምፕሬዛ ዘር ነው። የኔው ግን ሻምፒዮን አይደለም፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው 238,000 ላይ የደረሰ አዛውንት ነው። ባልደረቦቼ «በዚህ ዕድሜህ እሽቅድምድም አማረህ?» ብለው ሣቁብኝ። ባለቤቴ አልሣቀችም።

መልሴ ቀላል ነበር። በአንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ደመወዝ፣ ባረጀችው ኮሮላዬ ሽያጭና በአንድ ዕቁብ ዕጣ ሌላ ደኅና መኪና አይገዛም። ሰው ሁሉ ቪትዝና ኮሮላ ስለሚፈልግ ዋጋቸው ሰማይ ነክቷል፤ ኃይለኛ መኪና ግን ነዳጅ ይጠጣል፣ መለዋወጫው አይገኝም ተብሎ ስለሚፈራ በአንጻሩ ይረክሳል። ደግሞም ሳይንሱ ከኔ ጋር ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናትና አየሩ ስስ ነው። ተራ ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሲሶ ባይሆን እንኳ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ ተርቦ ግን አየሩን ራሱ ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው እምብዛም አይጎዳውም። ይህን ሁሉ ለባለቤቴ አስረድቻታለሁ። «ታዲያ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ልትበር ነው?» አለችኝ።

ሻጩ መኪናውን ሲያሞግስ ደጋግሞ የተጠቀመበት አንድ ቃል ነበር፤ «ሞተሩ ያልተነካ ነው» አለኝ። በአዲስ አበባ የመኪና ገበያ ከዚህ የሚበልጥ ውዳሴ የለም። «በሴት እጅ የተያዘ» ከሚለው እንኳ ይበልጣል። እኔም የተማርሁ ነኝ ባይ፣ የዶክትሬት መመረቂያ ጽሑፌን የግርጌ ማስታወሻ አንድ በአንድ ያጣራሁ ሰው፣ ይህን ቃል ሰምቼ ልቤ ረካ። የሞተሩን የሲሊንደር ግፊት እንኳ ሳላስለካ ገዛሁ። ይህ ስሕተት የማንም ሳይሆን የኔ ነው።

በአሥረኛው ቀን አንድ የታወቀ መካኒክ ዘንድ ወሰድሁት። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ ሙያውን ገና በልጅነታቸው በጋራዥ ውስጥ ዕቃ በማቀበል የጀመሩ ሰው ናቸው። የሞተሩን የፊት መሸፈኛ አስፈቱና በባትሪ መብራት ተመለከቱ።

«ዶክተር፣ ይህን ቺንጋ መቼ አስቀየሩት?»

«እኔማ ገና መግዛቴ ነው፣ ጋሼ።»

«የሸጠልዎት ሰውስ ምን አለዎት?»

«ሞተሩ ያልተነካ ነው አለኝ።»

«እውነቱን ነው» አሉ። «ያልተነካ ማለትማ ያልተጠገነ ማለት ነው።»

የቺንጋው ጎማ በየጥርሱ ሥር ተሰነጣጥቋል። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላብራራ። በዚህ ሞተር ውስጥ ቫልቮቹ የሚከፈቱበትንና ፒስቶኖቹ የሚንቀሳቀሱበትን ጊዜ የሚያስማማው አንድ የጥርስ ቺንጋ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮቹ በቆሙበት ይቀራሉ፣ ፒስቶኖቹ ግን በመጡበት ፍጥነት ሄደው ይመቷቸዋል፤ ቫልቮቹ ይጣመማሉ፣ ቴስታታው ይወርዳል፣ የመኪናው ዋጋ ግማሽም በአንዲት ሰከንድ ይጠፋል። አምራቹ ለዚህ ሞተር ያስቀመጠው ገደብ 168,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የኔው በዚህ መካከል አንድ ጊዜ ተቀይሮ ይሆናል፤ ወይም አልተቀየረ ይሆናል፤ የተጻፈ ነገር ግን የለም። እንደኛ አቧራና ሙቀት በበዛበት አገር ደግሞ ጎማ በኪሎ ሜትር ብቻ አያረጅም፣ በዓመታትም ያረጃል።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን ልምከራችሁ። ቺንጋውን ብቻ ቀይራችሁ አትመለሱ። ማወጠሪያው፣ ቺንጋው የሚዞርባቸው ኩሽኔታዎችና የውኃ ፓምፑ አብረው ይቀየሩ፤ በዚህ ሞተር ላይ የውኃ ፓምፑን የሚያዞረው ያው ቺንጋ ነውና። የእጅ ዋጋው አንድ ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ አንዲት ኩሽኔታ ብትነክስ ግን አዲሱን ቺንጋ ይዛው ትሄዳለች።

ከዚያ ወደ ተርቦው አለፍን። ተርቦ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ሊሽከረከር የሚችል ዕቃ ሲሆን ሕይወቱ ዘይት ነው። በዚህ ሞዴል ላይ ወደ ተርቦው በሚሄደው የዘይት ቧንቧ ብሎን ውስጥ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ የሽቦ ወንፊት አለች። ዘይት በጊዜው ካልተቀየረ ቆሻሻው እዚያች ወንፊት ላይ ይጋገራል፣ ተርቦውም በጥም ይሞታል። የኔዋ ወንፊት ስትወጣ ግማሿ ተደፍኖ ነበር። ያን ወንፊት በመዳፌ ይዤ ስመለከተው በጀት ሳይለቀቅላቸው ዓመቱ የሚያልቅባቸው የክፍለ ከተማ ጤና ጣቢያዎች ትዝ አሉኝ፤ ግን ወደ መኪናው ልመለስ። ዘይቱ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየር፤ ደረጃው ቢያንስ በየሁለት የነዳጅ ቅጂው በዘንጓ ይታይ፤ ይህ ሞተር ዘይት የሚበላ ነውና። ከረጅም መንገድ ወይም ከሽቅብ በኋላም ሞተሩ ወዲያው አይጠፋም፤ ተርቦው እስኪበርድ አንድ ሁለት ደቂቃ ይሥራ።

ስለ ማቀዝቀዣው ውኃ የማያነጋግር ነገር መስሎን የምንሠራው ስሕተት ግን ያስገርመኛል። «አገራችን በረዶ የለም፣ ኩላንት ለፈረንጅ ነው» እንላለን፣ የቧንቧ ውኃም እንሞላለን። ኩላንት ግን ከበረዶ ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፤ አሉሚኒየሙን ከዝገት ይከላከላል፣ የመፍላት ነጥቡንም ከፍ ያደርጋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሞተር የሥራ ሙቀት ደግሞ እዚያው ገደማ ነው። ውኃው እንዳይፈላ አፍኖ የያዘው የራዲያተሩ ክዳን ብቻ ነው፤ የክዳኑ ጎሚኒ ሲደክም መኪናው ከባሕር ዳርቻ ይልቅ እኛ ዘንድ ፈጥኖ ይፈላል፣ ከዚያም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይሄዳል። የክዳኑ ዋጋ ከአንድ ቤተሰብ የእሑድ ምሳ አይበልጥም።

የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ የእግር ጎሚኒዎች፤ እነዚህ ሁሉ ተቀየሩ፣ ዝርዝሩ አያስፈልግም። በጠቅላላው ከመኪናው ዋጋ ስምንተኛውን ያህል ወጣሁ። ባለሙያው እንደነገሩኝ ከሆነ ይህን ገንዘብ ከመግዛቴ በፊት ለብቻው ማስቀመጥ ነበረብኝ፤ «መኪናውን የሚገዛ ገንዘብ ያለው ሳይሆን የሚያሳድር ገንዘብ ያለው ይግዛ» ነው ያሉኝ።

ያስደነገጠኝ ግን ፍሬኑና ጎማው ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይመጣል፤ ስለዚህም በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት፤ አለዚያ በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል በውስጡ ያለው ውኃ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። የኔው ዘይት ቡና መስሎ ነበር። የኋላው የፍሬን ቱቦ ተሰነጣጥቋል። ጎማዎቹ ገና ጥሩ ጥርስ ያላቸው ይመስሉ ነበር፤ መካኒኩ ግን ጎንበስ ብለው በጎማው ጎን የታተሙትን አራት ቁጥሮች አሳዩኝ። 3313 ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያመለክታሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2013፣ በሠላሳ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ማለት ነው። ያን ጊዜ ልጄ ገና አልተወለደችም ነበር። ዐሥር ቀን ሙሉ በዚህ ጎማና በዚህ ፍሬን ትምህርት ቤት ሳደርሳት ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ መኪና ዓመታዊ ምርመራ «አልፎ» ቦሎ የተለጠፈበት ነው። ስሙን የማልጠቅሰው ጣቢያ ማኅተሙን አሳምሮ መትቶበታል። ወረቀቱ ሙሉ ነው፣ ፊርማው ሙሉ ነው፣ ክፍያው ተከፍሏል። ፍሬኑ ብቻ የለም።

ወደ ፖሊሲው የምመጣው እዚህ ላይ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2022 ለኤሌክትሪክ መኪኖች የታክስ ነፃነት ሰጠ። በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ የራሱ ምክንያት አለው፤ ለነዳጅ የምናወጣው የውጭ ምንዛሪ ከባድ ሸክም መሆኑን፣ ኤሌክትሪኩም የራሳችን መሆኑን የሚክድ የለም። እኔም አልክድም።

ነገር ግን አራቱ እርምጃዎች ተደምረው ምን ያደርጋሉ? አሮጌው መኪና አይጠፋም፤ ይልቁንም ዕድሜው ይረዝማል። አዲስ የማይገባለት ገበያ ያለውን አጥብቆ ይይዛል። ኩባን ተመልከቱ፤ ከ1959ኙ አብዮትና ከአሜሪካ ማዕቀብ በኋላ የመኪና ገበያው ስለ ተዘጋ ሃቫና ውስጥ የ1950ዎቹ ሸቭሮሌዎች ከስድሳ ዓመት በላይ ሠርተዋል፤ እስከ 2011 ድረስ ግለሰብ በነፃነት ሊሸጥና ሊገዛ የሚችለው ከአብዮቱ በፊት የነበረውን መኪና ብቻ ነበር። ቱሪስት ፎቶ ያነሣቸዋል፤ ኩባዊው ግን ከየትም በተለቃቀመ ሞተርና ፍሬን ነው የሚነዳቸው። እኛም በዚያው መንገድ ላይ ነን፤ ልዩነቱ የኛዎቹ ቪትዞች ለፎቶ አለማማራቸው ነው።

ስለዚህ አሮጌው መኪና ለሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት አብሮን እንደሚኖር ታውቆ የተሠራ አንድ ሰነድ የት አለ? መለዋወጫው ዋጋው በእጥፍ ሲጨምር ሰው የሚያደርገውን ሶማሌ ተራ ሄዶ ማየት ይቻላል፤ ከተፈታ መኪና የወጣ ያገለገለ ቺንጋ፣ ተፍቆ አዲስ የመሰለ የፍሬን ሸራ፣ በአዲስ ካርቶን የገባ አሮጌ ኩሽኔታ ይሸጣል። ነጋዴውን ብቻ አልወቅስም፤ ገዢው አቅም የለውም። የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ቱቦ፣ ጎማና መሪ ላይ የሚገቡ ዕቃዎች ከቀረጥ ቢቃለሉ መንግሥት የሚያጣው ገቢ ከአንድ አደጋ በኋላ በሆስፒታልና በቀብር ከምናጣው ጋር የሚወዳደር አይመስለኝም።

«አሮጌ መኪና አካባቢን ይበክላል፣ ይሙት ተዉት» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ፤ በሙያውም የማከብረው ነው። እኔ የምለው፣ መሞቱን የሚወስነው ማን ነው? ማሽን በራሱ ጊዜ ከጋራዥ ወደ መቃብር አይሄድም፤ በቁልቁለት ላይ ነው የሚሞተው፣ ሰው ይዞ ነው የሚሞተው። መንግሥት አሮጌውን ማስወገድ ከፈለገ ለሚያስረክበው ሰው ካሳ ከፍሎ ያስወግድ፤ ካልቻለ ደግሞ በሰላም የሚነዳበትን መንገድ ያመቻች። ሁለቱንም ትቶ የሚዘጋ በር ብቻ መሥራት ፖሊሲ አይባልም።

ይህች አገር ስለ ጥገና ፈጽሞ አታውቅም እያልሁ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 በአዋጅ የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ መንገድ ከተመረቀ በኋላ ይፈርሳልና ለጥገናው የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ከነዳጅ ሽያጭ ላይ ይቆረጥ የሚል። መካኒኬ «የሚያሳድር ገንዘብ» ያሉኝ ነገር ያኔ በሕግ ተጽፎ ነበር ማለት ነው። ያ አስተሳሰብ በተሽከርካሪ ምርመራ፣ በመካኒኮች ሥልጠና፣ በሆስፒታል መሣሪያዎች፣ በኔው ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎች ላይ ያልተሠራበት ምክንያት ሊገባኝ አልቻለም። ቤተ ሙከራችን ውስጥ በሪባን የተመረቀ ማሽን አለ፤ እሱም እስከ ዛሬ ያልተነካ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የባለሙያው ጉዳይ ነው። እኒያ ሰው የሚያውቁት ነገር በየትኛውም ኮሌጅ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ የሞተርን ድምፅ ሰምተው የትኛው ኩሽኔታ እንደ ደከመ ይናገራሉ። «ልጆቹን ምን ያህል ያስተምራሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ቀድሞ ስድስት ነበሩ፣ አሁን አንድ ቀርቷል፤ እሱም የኤሌክትሪክ መኪና መጥቷል፣ ይህ ሥራ አበቃለት ብለውት ልቡ ተነሥቷል» አሉኝ። የኤሌክትሪክ መኪናውን የሚጠግን ሰው ገና በቁጥር አልበቃም፤ አሮጌውን የሚጠግነው ደግሞ እየቀነሰ ነው።

መኪናው አሁን ደኅና ነው። አሮጌው ቺንጋ በጥናት ክፍሌ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ባለቤቴም በመጨረሻ ሥቃለች። አዲሱ የተቀየረበት ቀንና ኪሎ ሜትር በነጭ ፕላስተር ላይ ተጽፎ ኮፈኑ ሥር ተለጥፏል፤ ከኔ በኋላ የሚገዛው ሰው ያንብበው ብዬ። ቀጣዩ የዘይት ቅያሬ 243,000 ላይ ነው።

ቸር እንሰንብት።