ተኩስ አቁሙ ለስንት ገበያ ነው?

መንግሥትና አንድ የታጠቀ ቡድን ተኩስ አቆምን ሲሉ የሚጠቀመው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ክፍል ውስጥ አንስተን ተከራክረንበት ነበር። ግማሾቻችን «መንግሥት ነው፤ ሠራዊቱን ያሳርፋል፣ ለጋሾቹን ያስታርቃል» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ታጣቂው ነው እንጂ! ትናንት ሽፍታ ይባል የነበረው ዛሬ ከሚኒስትር ጋር ፊት ለፊት ይቀመጣል» አሉ። ሕዝቡን ያነሳው ሰው ጥቂት ነው፤ እሱም ቢሆን «ሰላም ለሁሉም ይጠቅማል» ብሎ ነገሩን ዘጋው። እኔ በዚህ አልረካሁም። ጥቅሙ ለሁሉም እኩል አይደርስም። ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው፣ በእኔ አስተያየት፣ ተኩሱ በየትኛው ወር እንደቆመና ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመ ነው።

እንዲህ እንዳስብ ያደረገኝ አገሬ ይመስለኛል። የአሊዩ አምባ ልጅ ነኝ። ከአንኮበር ቁልቁል ወርዳችሁ የምታገኟት ይህች ከተማ ዛሬ ትንሽ ናት፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ግን የሸዋ ትልቅ የገበያ በር ነበረች። ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ጨውና ጨርቅ ይዞ አፋርን አቋርጦ የሚደርሰው እዚያ ነው። አርጎባው፣ አፋሩ፣ አማራው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አርብ አርብ አንድ ሜዳ ላይ ይገበያይ ነበር። ንጉሡ ከዚያ ቀረጥ ያገኛል። ስለዚህ መንገዱ ሰላም ሲሆን ማን እንደሚጠቀም መጠየቅ አያስፈልግም ነበር፤ መንገዱ ሲዘጋ የንጉሡም ሣጥን፣ የነጋዴውም አቁማዳ አብሮ ይጎድላል። የዛሬው ችግር ይኼ ትስስር መላላቱ ነው። መንገድ ተዘግቶም የሚበላ አለ።

አክስቴ ነጋዴ ናት። ሬዲዮ ላይ ተኩስ አቁም ሲባል በሰማች ቁጥር የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ለስንት ገበያ ነው?» እኛ ዘንድ ጊዜ በገበያ ይቆጠራልና። መጀመሪያ ላይ ያስቀኝ ነበር። ኋላ ግን ያለፉትን ተኩስ አቁሞች በዚህ ሚዛን ስመዝናቸው ልክ ሆና አገኘኋት።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረውን ጦርነት እንውሰድ። ሰኔ 21 ቀን 2013 መንግሥት በራሱ በኩል ተኩስ አቆምኩ አለ፤ ምክንያቱም የእርሻው ወቅት እስኪያልፍ ገበሬው እንዲያርስ ነው ተባለ። ሐሳቡ ያማረ ነው። ሕወሓት ግን አልተቀበለውም፤ ሐምሌ ላይ ጦርነቱ ወደ አማራና አፋር ተሻገረ። ኅዳር 2014 ላይ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ማሽላው ለአጨዳ በደረሰበት ሰዓት የእኛ አገር ሰው ዐይኑ ጣርማበር ላይ ነበር። ያ ተኩስ አቁም ሠራዊቱን ከመቀሌ አወጣው፣ ሕወሓትን መቀሌ አስገባው። ገበሬው ግን ወቅቱ እስኪያልፍ ሰላም አላገኘም።

ሁለተኛው መጋቢት 15 ቀን 2014 ለሰብአዊ እርዳታ ተብሎ የታወጀው ነው። እውነት ለመናገር የእርዳታ መኪኖች ከወራት በኋላ መቀሌ መግባት የጀመሩት በዚህ ነው፤ ይህን የሚያህል ጥቅም አላቃልልም። ባንክ፣ ስልክና መብራት ግን እንደተዘጉ ነበሩ። ነሐሴ 18 ቀን በቆቦ በኩል እንደገና ፈነዳ። አምስት ወር መሆኑ ነው። ቀን መቁጠሪያውን ዘርግታችሁ እዩት፤ ለማረስና ለመዝራት ይበቃል፣ ለማጨድ አይበቃም። ለሁለቱም ሠራዊት ለመመልመልና ለመሰልጠን ግን ከበቂ በላይ ነው።

ሦስተኛው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ነው። በወሩ መቀሌ መብራት አገኘች፤ ታኅሣሥ 19 አውሮፕላን ገባ። የተኩሱ ድምፅ ጋብ አለ። ይህ ለአጨዳ የደረሰ፣ ከዚያም በኋላ የቆየ ተኩስ አቁም ነበር። ፈራሚዎቹም አልተጎዱም። ሕወሓት መጋቢት 2015 ከአሸባሪነት መዝገብ ተሰረዘ፣ የጊዜያዊ አስተዳደሩን መሪነትም አገኘ። መንግሥት ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ሐምሌ 2016 የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም ሲያገኝ፣ ጦርነቱ ቢቀጥል ኖሮ ይሳካለት ነበር ብዬ አላምንም። በአንጻሩ ብዙ ተፈናቃይ ዓመታት አልፈው ቀዬውን አላየም። ከጦርነቱ ጎን የተሰለፉት የአማራ ኃይሎችና ኤርትራም ጠረጴዛው ላይ ወንበር አልነበራቸውም። መጋቢት 2015 ላይ የክልል ልዩ ኃይሎች ይፍረሱ ተባለ፤ ሐምሌ 28 ቀን ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ፕሪቶሪያ ይህን ወለደ ልል አይደለም፤ መንስኤው ብዙ ነው። ያልተጠራ ሰው ግን ውሉን የእኔ ብሎ አይጠብቅም።

ከመንግሥትና ከኦሮሞ ነፃነት ጦር ጋር ታንዛኒያ ላይ በ2015 እና በ2016 የተደረጉት ሁለት ድርድሮች ያለ ስምምነት ተበተኑ። ኅዳር 2017 ከአንድ ክንፍ ጋር ተፈረመ፤ ዋናው አልተቀበለውም። ከተገነጠለ ክንፍ ጋር መፈረም ለፎቶ ጥሩ ነው፤ መንገድ ግን አይከፍትም።

«ታዲያ ተኩስ ባይቆምስ? ቢቆም ለመታጠቅ ነው የሚጠቀሙበት» የሚል ጓደኛ አለኝ። የኮሎምቢያን ነገር ይጠቅሳል፤ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2002 ድርድር ላይ ሳሉ ፋርክም መንግሥቱም ይበልጥ ታጥቀው ወጥተዋል። ልክ ነው፣ አልክደውም። ግን በአጭሩ የሚጠቀም ባለ ጠመንጃው ከሆነ መፍትሔው ማስረዘም እንጂ መተው አይደለም። አንድ ምርት ጎተራ የገባለት ወጣት ጫካ ግባ ቢሉት ያመነታል፤ የሚያጣው ነገር አለውና። ባዶ እጁን ያለው ምን ያስፈራዋል?

እዚህ እኛ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ ለተነሳው ግጭት ውል ሲጻፍ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። መጀመሪያው ከዘር በፊት፣ ግንቦት ላይ ይሁን፤ ከውቂያ በኋላ እስከ ጥር ድረስ ማንም እንዳይነካው ይጻፍ። ዩኒፎርም ለብሶም ሳይለብስም በየኬላው ከጭነት ገንዘብ የሚቀበል ሁሉ፣ ይህም ተኩስ ነው ተብሎ በዚያው አንቀጽ ይከልከል። የሁለቱ ወገን ተወካዮች ሲቀመጡ ደግሞ ከአሊዩ አምባ ገበያ አንድ ነጋዴ ቢጠራ ምናለ? ብዙ አትናገርም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያላት።