ለማን ነው ያልታወቀው?

ዛንዚባር ለአዲስ አበባ ሙሽሮች የዛሬዋ ላንጋኖ ሆናለች። ጠዋት ከቦሌ ተነስቶ ሕንድ ውቅያኖስ ዳር መዋል ብርቅነቱ ቀርቷል። ብርቅነቱ ሲቀር ገበያው ሌላ ብርቅ መፈለጉ አይቀርም። አሁን አሁን ጉዞ የሚሸጡትም፣ በየስልኩ ቪዲዮ የሚለቁትም የሚፎካከሩት «ገና ያልታወቀ» ቦታ በማውጣት ነው። ፔምባ፣ ማፊያ፣ ኪልዋ፣ ፓቴ፣ ዋታሙ… ስሙ ይለዋወጣል፤ ማሻሻጫው ግን አንድ ነው፦ «ሰው ሳይሰማ ቶሎ ሂዱ!»

ጠቤ «ሰው» ከምትለው ቃል ጋር ነው።

በኬንያዋ ፓቴ ደሴት ሻንጋ የምትባል ፍርስራሽ ከተማ አለች። አርኪዮሎጂስቱ ማርክ ሆርተን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲቆፍራት መስጊድ በመስጊድ ላይ ተደራርቦ ተሠርቶ አገኘ፤ የታችኞቹ የእንጨት መስጊዶች ከ8ኛው መቶ ዘመን የቆዩ ናቸው። ኢብን ባቱታ እ.ኤ.አ. በ1331 የታንዛኒያዋን ኪልዋን ሲጎበኝ ከተማዋ የሶፋላን የወርቅ ንግድ የጨበጠች፣ የራሷን ሳንቲም የምታወጣ ነበረች። ሁሱኒ ኩብዋ ከሚባለው ቤተ መንግሥቷ ፍርስራሽ መሐል ስምንት ማዕዘን ያለው ገንዳ ዛሬም ይታያል። ባሕር እያዩ ገንዳ ውስጥ መንቦራጨቅን ሪዞርቶች የፈጠሩት የሚመስለው ሰው ይህን ቢያይ ሳያፍር አይቀርም። ማሊንዲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1415 ለቻይናው ንጉሠ ነገሥት ቀጭኔ ልካለች። ቻይና የሰማችውን ዳርቻ ነው እንግዲህ «ሰው ያልሰማው» የምንለው።

ይህ የቃላት ጭቅጭቅ ይመስል ይሆናል። አይደለም። ቃሉ ሥራ ይሠራል፤ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት የዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ ወዳለችው ፓጄ መንደር መሄድ ነው።

በፓጄ ባሕሩ ሲሸሽ ብዙ ርቀት ይሸሻል። በማስታወቂያው ፎቶ ላይ የሚታየው ነጭ አሸዋ፣ ቁርጭምጭሚት የማያልፍ ውሃና አልፎ አልፎ ብቅ ብቅ ያለ እንጨት ነው። ባዶ፣ ጸጥ ያለ፣ «ያልተነካ»። እነዚያ እንጨቶች ግን ችካሎች ናቸው። በችካልና በችካል መሐል ገመድ ተወጥሯል፤ በገመዱ ላይ በስዋሂሊ ምዋኒ የሚሉት የባሕር አረም ቅንጣቢው በቀጭን ክር እየታሰረ ተሰድሯል። ይህን የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ውሃው ሲጎድል ካንጋ የሚባለውን ሽርጣቸውን ሰብስበው ወገባቸው እስኪቆረጥ ጎንበስ ብለው ያስራሉ፤ ስድስት ሳምንት ገደማ ጠብቀው ያጭዳሉ፣ ተሸክመው አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ። አረሙ ባሕር ተሻግሮ ከጥርስ ሳሙና እስከ አይስክሬም የሚያወፍር ንጥረ ነገር ይወጣዋል። ለገበያ ማምረት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ ለብዙዎቹ ሴቶች በገዛ እጃቸው የያዙት የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። ባዶ የተባለው ባሕር፣ በአጭሩ፣ እርሻ ነው። ሰብል ከቆመበት ማሳ መሐል ገብቶ «ያልተነካ መሬት አገኘሁ» የሚል እንግዳ በእኛ ገጠር ቢገጥመን ምን እንደምንለው አንባቢ ያውቃል።

ዛሬ በዚያው ውሃ ላይ የንፋስ ሸራ እየጎተታቸው የሚንሸራተቱ ጎብኚዎች ይርመሰመሳሉ። ውሃው እየሞቀ በመምጣቱ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው የአረም ዝርያ እየሞተባቸው ያሉት ሴቶች ውሃው ቀዝቀዝ ወደሚልበት ጥልቁ እንዳይገቡ አብዛኞቹ ዋና አይችሉም። በዳርቻው ደግሞ ሆቴል ተደርድሯል።

በደሴቷ ሰሜን ጫፍ ያለችው ኑንግዊም አንድ ሰሞን «የተደበቀች» ነበረች፤ የጀልባ ሠሪዎችና የዓሣ አጥማጆች መንደር። ቱሪዝም ኮንሰርን የተባለ የብሪታንያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ኑንግዊን ጨምሮ በሦስት መንደሮች የውሃ አጠቃቀምን አጥንቶ ነበር። አንድ ቤተሰብ በቀን 93 ሊትር ገደማ ይጠቀማል፤ የባለ አምስት ኮከብ ሆቴል አንድ ክፍል 3,195 ሊትር። የክፍሉ እንግዳ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ከአጥሩ ወዲያ በባልዲ የምትቀዳ ሴት መኖሯን ቀድሞ የነገረው የለም፤ ወደዚያ የመራው ማስታወቂያ ቦታው ሰው የለበትም ብሎታል።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። በዚህ ዳርቻ ንቀቱ በሕግ የተጻፈበትም ጊዜ ነበር። የእንግሊዝ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1908 ባወጣው የመሬት ሕግ በኬንያ ዳርቻ መሬት አለኝ የሚል ሁሉ ቀርቦ እንዲያስመዘግብ ታዘዘ፤ ጠያቂ ያልቀረበበት መሬት የዘውዱ ሆነ። ወረቀት የሚባል ነገር የማያውቁት፣ መሬትን በጎሳ የሚይዙት ሚጂኬንዳዎች በአያቶቻቸው ቀዬ ሕገወጥ ሰፋሪ ተባሉ። ልጅ ልጆቻቸው ዛሬም በዚያው ስም ይጠራሉ። እንግዲህ «ባዶ ዳርቻ» የሚለው ሐረግ ከቱሪስት በፊት የመሬት ሹሙ መዝገብ ላይ ነበር ማለት ነው። እኛም ብንሆን ለዚህ ቃል ባዳ አይደለንም፤ ስንት ካሜራ ነው «ሥልጣኔ ያልነካቸው» እያለ ሙርሲዎች ደጅ የቆመው?

ተቃራኒው ክርክር የሚናቅ አይደለም። ጎብኚው ሁሉ በዛንዚባሯ አሮጌ ከተማ ስቶን ታውን ከሚጨናነቅ ቢበተን ገንዘቡም ይበተናል ይላሉ። ልክ ነው፤ የጎብኚ መጥፋት ምን እንደሚያደርግ የኬንያዋ ላሙ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 በአካባቢዋ ባለችው ምፔኬቶኒ ጥቃት ሲደርስ የምዕራብ መንግሥታት ማስጠንቀቂያ አወጡ፤ የላሙ ጀልባዎች ታስረው ዋሉ፤ አስጎብኚው ከቤቱ ደጃፍ የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ስለዚህ አትሂዱ አልልም። መበተኑ ግን እንደ ካፊያ አይወርድም። መጀመሪያ ፎቶ አንሺው ይመጣል፣ ቀጥሎ ደላላው። ከላሙ ከተማ በእግር በሚደረስባት ሼላ ከኮራል ድንጋይ ከተሠሩት የጥንት ቤቶች ጥቂት የማይባሉት በአውሮፓውያን ተገዝተዋል፤ ባለቤታቸው ለዕረፍት እስኪመጣ ዘበኛ ይጠብቃቸዋል።

በሌላ መንገድ መሄድ እንደሚቻል በኬንያዋ ዋታሙ አጠገብ ያለው ሚዳ ክሪክ ያሳያል። በማንግሮቩ መሐል የተዘረጋው የእንጨት መተላለፊያ ላይ ለመራመድ የሚከፈለው ገንዘብ ለአካባቢው ልጆች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ክፍያ ይውላል። እዚያ የሚደርስ ጎብኚ «አገኘሁ» አይልም፤ የመግቢያውን ከፍሎ ይገባል። ጉዞ የምትሸጡልን ወገኖቼም ሦስት ነገር ብቻ ጨምሩልን፦ አልጋው የማን ነው? ውሃው ከየት ይመጣል? ዳርቻው ላይ ሲሠራ የሚውለው ማነው? ይህን መመለስ ያልቻለ ሰው ቦታውን አያውቀውም፤ ያልታወቀው ለእሱ ነው።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር አስታወስኩ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2 ቀን 2012 ላሙ ላይ የወደቡና ወደ ኢትዮጵያ የሚዘረጋው መተላለፊያ ግንባታ ሲጀመር መለስ ዜናዊ ከኬንያው ኪባኪና ከደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር ጎን ቆመው ነበር። እኛ በካርታው ላይ ያየነው ወደብ የሚሆን ባዶ ጥግ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ግን ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2018 የማሊንዲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ ይከፈላቸው ብሎ ፈረደ፤ በዚያ «ባዶ» ባሕር ይተዳደሩ የነበሩት ካሣ ተቀባዮች ወደ 4,600 ሰዎች ነበሩ።