የለገሃር ሠረገላ፦ ስለ መጀመሪያ መኪና የቀረበ ሙግት

በስደት አገር የመጀመሪያ መኪና መግዛት ሠርግ እንደ መደገስ ሆኗል። ዘመድ ይሰማል፤ ወዳጅ ይመርቃል፤ ፎቶግራፉ ባሕር ተሻግሮ አዲስ አበባ ይደርሳል። እኔ የመጀመሪያ መኪናዬን ቨርጂኒያ ውስጥ ስገዛ ግን መራቂ አላገኘሁም። የገዛኋት አሮጌ ስቴሽን ዋገን ነበረችና! የ2013 ሥሪት፣ 118 ሺህ ማይል የሮጠች፣ ቀለሟ አመድማ፣ ዋጋዋ 6,800 ዶላር። የፋብሪካዋን ስም እተወዋለሁ፤ ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ። አብሮኝ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠራ ወዳጄ ዙሪያዋን ቃኝቶ፣ «አንተ፣ የሬሳ መኪና ነው እንዴ የገዛኸው?» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ቃሉ ከነከነኝ፤ ይህንንም ጽሑፍ ያስጻፈኝ እርሱ ነው።

ሙግቴ በአጭሩ ይህ ነው፦ አዲስ ስደተኛ በብድር የሚገዛው ትልቅና ረጅም መኪና የክብር ምልክት አይደለም፤ ጊዜውን የሚበላበት ባለዕዳነት ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት አባቶቻችን፣ የባንክ መኪናም እንደማያደምቅ ሳይነግሩን የቀሩ አይመስለኝም።

ከስሟ ልነሣ። ስቴሽን የባቡር ጣቢያ ነው፤ ዋገን ደግሞ ጋሪ ወይም ሠረገላ። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በአሜሪካ፣ ከባቡር የወረደውን መንገደኛ ከነሻንጣው ተቀብለው ወደ ማደሪያው የሚያደርሱ፣ አካላቸው ከእንጨት የተሠራ መኪኖች ነበሩ። ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በፈረንሳይኛ «ላ ጋር» የተባለውን ጣቢያ ሕዝባችን «ለገሃር» ብሎ የራሱ አደረገው። እንግዲህ ይህችን መኪና በአማርኛ ልጥራት ብል «የለገሃር ሠረገላ» እላታለሁ። ሲጀመር ለመታየት አልተሠራችም፤ እንግዳ ለመቀበል እንጂ። ከስደተኛ ሕይወት ጋር ከዚህ የበለጠ የሚስማማ መኪና ካለ ይነገረኝ።

ታዲያ ከአሜሪካ ጎዳና ለምን ተመናመነች? «ጊዜዋ አልፎባት ነው» የሚሉኝ አሉ። መልሱ ግማሽ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የነዳጅ ቁጠባ ሕግ በቤት መኪኖች ላይ ጠበቅ ያለ፣ በቀላል የጭነት መኪኖች ላይ ላላ ያለ መስፈርት እንዲኖር በር ከፈተ። ስቴሽን ዋገን ከቤት መኪና ተቆጠረች። በ1983 መጨረሻ ገበያ የወጣው ሚኒቫንና በ1990ዎቹ የጎረፈው ኤስዩቪ ግን ከጭነት መኪና ወገን ተመደቡ። ፋብሪካዎቹም ትርፉና ልቅነቱ ወዳለበት አዘነበሉ። በ1996 ቢዩክ ሮድማስተርና ሸቭሮሌት ካፕሪስ ሲቆሙ፣ የትልልቆቹ የአሜሪካ ስቴሽን ዋገኖች ዘመን አበቃ። የሕግ ሽንቁርና የነጋዴ ስሌት አግዝፎ ያቆመውን ቁመት እኛ «ክብር» ብለን ጠራነው። ማን አሞኘን?

አሁን ወደ ገንዘቡ። ከመግዛቴ በፊት ብዙ መኪና መሸጫዎችን ዞሬአለሁ። በአንደኛው ሻጩ የመኪናውን ዋጋ አንድ ጊዜም ከአፉ አላወጣም፤ «በወር ስንት ትችላለህ?» እያለ ብቻ ይጠይቀኝ ነበር። ከአንድ ረጅም ኤስዩቪ መሪ ላይ አስቀምጦኝ፣ «አያምርብህም?» አለኝ። በእውነት አምሮብኝ ነበር፤ አልዋሽም። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ወረቀትና እርሳስ አነሣሁ። 27 ሺህ ዶላር፤ የክሬዲት ታሪክ ስለሌለኝ ወለዱ 14 በመቶ፤ ክፍያው 72 ወር። በየወሩ 556 ዶላር፤ ሲጠቃለል 40 ሺህ ገደማ፤ ከዚያ ውስጥ ወለዱ ብቻ 13 ሺህ! በሰዓት የማገኘው 18 ዶላር ነበርና 556ን ለ18 አካፈልኩት፤ 31 ወጣ። ግብር ሳይቀነስ፣ ኢንሹራንስና ነዳጅ ሳይታሰብ፣ በየወሩ 31 ሰዓት፣ ለስድስት ዓመት።

የመጽሐፍ ወዳጅ የሆንክ አንባቢ ሆይ፣ 31 ሰዓት ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር የሚነበብበት፣ ለእናት ረጅም ደብዳቤ የሚጻፍበት፣ የማታ ትምህርት የሚማሩበት ጊዜ ነው። «ስደት ማንበብ አስተወኝ» የሚሉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። አንዳንዶቹን ያስተዋቸው ስደት ሳይሆን በር ላይ የቆመው መኪና ነው።

ተቃዋሚዎቼ ሁለት መልስ አላቸው፤ ሁለቱም ሊሰሙ ይገባል። የመጀመሪያው፦ «ብዙ ተዋርደናል፤ አንድ ቀን እንኳ ደምቀን እንታይ» የሚል ነው። ይህን ስሜት አልንቀውም፤ እኔም ደርሶብኛል። ነገር ግን በብድር ደምቆ መታየት ውርደቱን አይሽርም፤ የሚያየው ሰው ከአሠሪ ወደ አበዳሪ ይለወጣል እንጂ። ሁለተኛው፦ «ረጅም መኪና ደኅንነት አለው» ይላል። ክብደት በውስጥ ያለውን ሰው እንደሚረዳ አልክድም። በውጭ ያለውስ? የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት ኢንሹራንስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ኮፈናቸው ከ40 ኢንች በላይ ከፍ ያሉ መኪኖች እግረኛ ሲገጩ የመግደል ዕድላቸው፣ ኮፈናቸው ዝቅ ብሎ ካዘነበለው በ45 በመቶ ገደማ ይበልጣል። እኔ ለሁለት ዓመት አውቶቡስ ጥበቃ መንገድ ዳር የቆምኩ እግረኛ ነበርኩ። መኪና በያዝኩ ማግስት ያንን ሰው ልርሳው?

ይሁን እንጂ «አሮጌ ግዛ» ስል ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ ማለቴ አይደለም። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው እንደ አንባቢ ይሁን፤ ሽፋኑን አይቶ አይወስን። መኪናው ሲንሸራተት መስመሩን የሚያስጠብቀው የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ በአሜሪካ ለቀላል መኪኖች ሁሉ ግዴታ የሆነው ከ2012 ሥሪት ጀምሮ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራውን መምረጥ ብልህነት ነው። ነጋዴው በአሮጌ መኪና መስተዋት ላይ እንዲለጥፍ የፌዴራል ደንብ የሚያስገድደውን ወረቀት አንብብ። «እንዳለ» የሚል ከሆነ፣ ከግቢው ከወጣህ በኋላ የሚሰበረው ያንተ ነው። የተጠባባቂ ጎማውን አንሥተህ ከሥሩ ደለል ወይም ዝገት ፈልግ፤ በጎርፍ የሰጠመች መኪና ምስጢሯን የምትደብቀው እዚያ ነው። ከሁሉ በላይ ሻጩ የማያውቀው መካኒክ ዘንድ ውሰዳት። እኔ 120 ዶላር ከፍዬ አንድ ያገሬን ልጅ አስመረመርኳት። ኮፈኑን ከፍቶ ቺንጋውን ዳሰሰ፤ ከሥር ተኝቶ አየ፤ ከዚያ «የፊት ፍሬኗ አልቋል፤ ልቧ ግን ጤነኛ ነው» አለኝ። በመጀመሪያው ዓመት ለጥገና 1,140 ዶላር አውጥቻለሁ፤ አልደብቅም። ያ ገንዘብ ከኤስዩቪው የሁለት ወር ክፍያ በጥቂቱ ብቻ ይበልጣል።

መኪናዋን በገዛሁ በአራተኛው ወር የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ ከአዲስ አበባ መጡ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ ተቀበልኳቸው። አራት ሻንጣ ይዘዋል፤ ሽሮው፣ በርበሬው፣ ለጎረቤት የተላከው አደራ ሁሉ ሳይቀር። የኋላውን መቀመጫ አጥፌ ሁሉንም ጫንኩ፤ ቦታ ተረፈ። ስለ መኪናዬ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ እትዬ ወደ ኋላ ዞር ብለው ተመልክተው፣ «ልጄ፣ ይህች መኪናህ ሆደ ሰፊ ናት» አሉኝ። ይቅርታውን ዋጥኩት።

ያ «የሬሳ መኪና» ያለኝ ወዳጄም ባለፈው ክረምት ቤት ሲቀይር ደወለልኝ። የእርሱ መኪና በር ላይ ቆማለች፤ ፍራሹ ግን አልገባባትም፤ ቆዳ መቀመጫዋም እንዳይጫርበት ሰግቷል። ሄጄ ሦስት ጊዜ አመላለስኩለት። በሦስተኛው ጉዞ ዝም ብሎ አጠገቤ ተቀምጦ ሳለ፣ «ስንት ወር ቀረህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አርባ አንድ» አለኝ።

አዲስ የመጣህ ወንድሜ፣ አዲስ የመጣሽ እህቴ፣ ሻጩ «በወር ስንት ትችላላችሁ?» ሲላችሁ፣ መልሳችሁ «በወር ስንት ሰዓት ትወስድብኛለህ?» በሉት። እኔ ግን ለአመድማዋ ሠረገላዬ ጥብቅና ቆሜአለሁ። ሊብሬዋ በስሜ ነው፤ ምሽቴም የራሴ።