የነርቭ ትስስር ካርታ በሚተነብየው ይመዘን

በ1986 እ.ኤ.አ. ጆን ዋይት፣ ሲድኒ ብሬነርና ባልደረቦቻቸው አንድ ሚሊሜትር ያህል ርዝመት ያላት ሲ. ኤለጋንስ የተባለች ትል 302 የነርቭ ሕዋሳቷ እርስ በርስ እንዴት እንደሚገናኙ የሚያሳይ ካርታ አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ አልበረደም። አንዱ ወገን ትስስሩ ከታወቀ የሕዋሳቱ ሥራም ይታወቃል ይላል። ሌላው ወገን የትሏ ባሕርይ ከብዙ ዓመታት በኋላም ተሟልቶ አለመገለጹን እየጠቀሰ፣ ካርታው ብዙ የተደከመበት ሥዕል ከመሆን አያልፍም ባይ ነው። በእኔ አመለካከት ሁለቱም ጥያቄውን ስተዋል። ሊጠየቅ የሚገባው ካርታው ያልተለካን ነገር አስቀድሞ ለመናገር ምን ያህል ያግዛል የሚለው ነው።

በ2024 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት የታተመው የላፓላይነንና የባልደረቦቹ ጥናት ለዚህ ጥሩ መነሻ ይሆናል። ተመራማሪዎቹ በፍራፍሬ ዝንብ የእይታ ሥርዓት ውስጥ የሚገኙ 64 የሕዋስ ዓይነቶችን ትስስር ከካርታ ወስደው የኮምፒዩተር ሞዴል ሠሩ። የእያንዳንዱ ሕዋስና ሲናፕስ ባሕርይ ግን በካርታው ላይ አልሰፈረም። ክፍተቱን የሞሉት ከዝንቧ አንጎል በተቀዳ መረጃ ሳይሆን፣ ሞዴሉ በተንቀሳቃሽ ምስል ውስጥ እንቅስቃሴን ማስላት እንዲችል በማሠልጠን ነው። እንዲያም ሆኖ ቲ4 እና ቲ5 የተባሉት ሕዋሳት የእንቅስቃሴን አቅጣጫ እንደሚለዩ ሞዴሉ አሳየ፤ ትንበያዎቹም ከ26 ጥናቶች ግኝቶች ጋር ተስማሙ። ትንበያውን ያስገኘው ካርታው ብቻውን ሳይሆን ካርታውና የሥርዓቱ ተግባር ተጣምረው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። የዓይንን ተግባር መገመት ደግሞ ቀላል ነው፤ ተግባራቸው በውል ላልታወቀ የአንጎል ክፍሎች ይኸው ስልት እስከምን እንደሚያዘልቅ ገና የሚታይ ነው።

ተቃራኒው ማስረጃ የመጣው ከዚያችው ትል ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በኔቸር የወጣ ጥናት ሕዋሳቷን አንድ በአንድ በብርሃን እያነቃ የሌሎቹን ምላሽ ለካ። የምልክቱ ጉዞ በብዙ አጋጣሚ ከካርታው ከሚጠበቀው የተለየ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ምክንያት ከሲናፕስ ውጭ በኒውሮፔፕታይድ አማካይነት የሚተላለፈው መልእክት ነው፤ ይህን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሣ ምስል አያሳየውም። ብዙዎች ውጤቱን ለካርታው እንደ ሽንፈት ይቆጥሩታል። እኔ ግን አልስማማም፤ ካርታው ባይኖር ኖሮ ልዩነቱን ከምን አንጻር እንለካው ነበር?

ይህ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ወደ 139,000 የሚጠጉ ሕዋሳትን የያዘው የፍላይዋየር የዝንብ አንጎል ካርታ ለማንኛውም ተመራማሪ ክፍት ስለሆነ፣ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በሌለው ተቋምም ሊሠራበት ይቻላል። ነገር ግን ከካርታ ተነሥቶ ትንበያ የሚያቀርብ ሁሉ ሁለት ነገር ቢጠየቅ እመርጣለሁ፦ ትንበያው ከልኬቱ በፊት ይጻፍ፤ ሞዴሉም ትስስሩ ሆን ተብሎ ከተደበላለቀ አቻው ጋር ይነጻጸር። የተደበላለቀው እኩል ከተነበየ ምስጋናው ለሥልጠናው እንጂ ለካርታው አይደለም።