የሳንባን ሕመም ከአንጀት መፈለግ

የሳንባ ደም ወሳጅ ግፊት ክፉ በሽታ ነው። ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄዱት ጥቃቅን ቧንቧዎች ግድግዳቸው እየወፈረ ውስጣቸው ይጠባል፤ የልብ ቀኝ ክፍልም በጠበበው መንገድ ደም ሲገፋ ኖሮ ይደክማል። ክንድ ላይ የሚለካው ግፊት ደህና ሊሆን ስለሚችል ብዙዎች አስም ነው እየተባሉ ጊዜ ያልፍባቸዋል። መንስኤውን ለዓመታት የፈለግነው በልብና በሳንባ ነው። በእኔ እምነት ግን አንጀትም መመርመር አለበት፤ ምርመራውም መጠናከር ያለበት ቢልሃርዚያ ባለባቸው አገሮች ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የስፔን ተመራማሪዎች በሽታው በተፈጠረባቸው አይጦች አንጀት ውስጥ አሲቴት የሚያመርቱ ባክቴሪያዎች መመናመናቸውን አሳዩ። በ2020 ደግሞ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሕመምተኞች የአንጀት ባክቴሪያ ስብጥር ከጤነኞች እንደሚለይ አገኙ። እንደ አሲቴት ሁሉ ባክቴሪያዎች ከምግብ አሰር የሚሠሩት ሌላው ንጥረ ነገር ቡቲሬት ሲሆን የትልቁ አንጀት ሽፋን የሚመገበው እሱን ነው። እሱ ሲያንስ ሽፋኑ ይሳሳል፤ የባክቴሪያ ስብርባሪ ወደ ደም ይሾልካል፤ የሰውነት መከላከያም ይቆጣል። ከአንጀት የተነሳ ደም ጉበትንና ልብን አልፎ የሚገባው ደግሞ ወደ ሳንባ ጥቃቅን ቧንቧዎች ነው።

ይህ ሁሉ ግን የትኛው እንደቀደመ አይነግረንም። ልብ ሲደክም ደም ወደ ኋላ እየተጠራቀመ አንጀትን ያሳብጣል፤ የሕመሙ መድኃኒትም ባክቴሪያውን ሊለውጥ ይችላል። አይጦች አንቲባዮቲክ ወይም ቡቲሬት ሲሰጣቸው በሽታው መለዘቡ አንጀት መንስኤ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። ከዚህ ተነስቶ እርጎን ወይም የባክቴሪያ እንክብልን ለዚህ ሕመም መድኃኒት አድርጎ መሸጥ ግን ነውር ነው።

በአንጀት ቢልሃርዚያ ግን ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው። ቢልሃርዚያን የሚያመጡት ትሎች በአንጀት ደም መላሾች ውስጥ ይኖራሉ። እንቁላላቸው ከፊሉ የአንጀትን ግድግዳ በስቶ በሰገራ ይወጣል፤ ከፊሉ በደም ተወስዶ ጉበት ላይ ይቀራል። ጉበቱ ሲጠጥርና ደሙ ሌላ መንገድ ሲያበጅ እንቁላሉ ሳንባ ይደርሳል። በብራዚል ጉበትና ጣፊያቸው በቢልሃርዚያ በተጎዱ ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት 4.6 በመቶዎቹ ላይ ይህን የሳንባ በሽታ አግኝቷል። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል፤ የወፈረውን ቧንቧ ግን ይመልሳል ተብሎ አይታመንበትም።

እንቁላል የበሳው አንጀት ለባክቴሪያም በር ይከፍታል። እንግዲህ ሳንባን የሚጎዳው እንቁላሉ ብቻ ነው ወይስ ባክቴሪያውም ድርሻ አለው? ይህን ለመለየት ሰዎችን ሳንባቸው ሳይታመም ጀምሮ መከታተል ያስፈልጋል። ጣና ዳርቻና ወንጂን የመሰሉ ቢልሃርዚያ የከረመባቸው ቦታዎች ለዚህ ይመቻሉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት ልብስ የሚታጠብበትን ወንዝ ወርደው በማየት ነው። አሁን የሚያስፈልገው ከፕራዚኳንቴል እደላ በፊትና በኋላ የሰገራና የደም ናሙና መውሰድ፣ ልብን በአልትራሳውንድ ማየት፣ ያንኑ ሰው በየዓመቱ ተመልሶ መመርመር ነው።